ሚስተር ቢን ድሮም ያስቅ ነበር ወይስ ልጅነቴ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሚስተር ቢንን ያየሁት ልጅ ሆኜ ደሴ፣ ጎረቤት ቤት በካሴት ነው። አንጀታችን እስኪቆስል እንስቅ ነበር። በቅርቡ ከልጆቼ ጋር በስልክ እንደገና ማየት ጀመርኩ። ግማሹ እንደ ድሮው ያስቀኛል። ግማሹ ግን ያስከፋኛል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ ደግሞ ‹ድሮም የቂል ጨዋታ ነው› እያለ ይስቅብኛል። ሥራው በእርግጥ ጥሩ ነው ወይስ ልጅነቴ ነው ያሳመረው? ለልጆችስ ይሆናል?»

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የጠየቁት። ደሴ ውስጥ ወጣቶችን ትወናና የኮሜዲ ድርሰት ሳስተምር ስንት ዓመቴ። ሚስተር ቢን ደግሞ ከክፍል የማይጠፋ እንግዳዬ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። ሥራው ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ። ሁሉም ግን አይደለም። ያስከፋዎትም ነገር እውነት እዚያው ውስጥ አለ። እርስዎ ስላደጉ ብቻ የመጣ አይደለም። የሚያስቀውን ከሚያስከፋው ለመለየት እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ቀልዱ ካለቀ በኋላ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ሚስተር ቢን በመቶ የሚቆጠር ክፍል ያለው ይመስለዋል። ዋናው፣ ማለትም ሰው የሚጫወትበት ተከታታይ፣ ያለው 15 ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከስድስት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ቅዳሜና እሑድ ተቀምጠው ይጨርሱታል። የመጀመሪያው ክፍል በእንግሊዙ አይቲቪ የተላለፈው በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 1990 ነው፤ በእኛ 1982 ዓ.ም. ታህሳስ መሆኑ ነው። የመጨረሻዎቹ በፈረንጆች 1995 ወጡ። አንዱ እንዲያውም በጊዜው በቴሌቪዥን አልታየም፤ በካሴት ብቻ ነው የተሸጠው። የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ እዚህ ወሎ ጦርነት ላይ ነበርን። ቢን ለእኛ የደረሰው ዘግይቶ፣ በካሴት፣ ከእጅ እጅ ተላልፎ ነው።

ገጸ ባህሪውን የፈጠረው ራሱ ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ነው። መነሻው ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ነው። በድርሰቱ እነ ሪቻርድ ከርቲስና ሮቢን ድሪስኮል አብረውት ሠርተዋል። አትኪንሰን ኦክስፎርድ የገባው ግን ቲያትር ሊማር አልነበረም። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበር። ለእኔ ይሄ ተራ መረጃ አይደለም። የቢን ቀልድ የመሐንዲስ ቀልድ ነው። አንድ ችግር አለ፣ መፍትሔ ይፈለጋል፣ መፍትሔው ሌላ ችግር ይወልዳል። አትኪንሰን ቢንን ሲያስረዳ በትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለ ልጅ ነው ይላል። እኔ አንድ ነገር ልጨምርበት። በጣም ታታሪ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተከታታዩ ከመጀመሩ በፊት፣ በፈረንጆች 1987፣ አትኪንሰን ገጸ ባህሪውን ካናዳ ሞንትሪያል ባለው የኮሜዲ ፌስቲቫል ይዞ ወጥቶ ነበር። የወጣው እንግሊዝኛ ተናጋሪ በበዛበት መድረክ አይደለም። ሆን ብሎ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፊት ቆመ። ቋንቋዬን የማያውቅ ሰው ይስቃል ወይ ብሎ እየሞከረ ነበር። ሳቁ። እርስዎ ደሴ ላይ እንግሊዝኛው ሳይገባዎት የሳቁት ሳቅ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው በሒሳብ ፈተና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሥራው ጥንካሬ በሙሉ እዚህ አለ።

ቢን ፈተና ክፍል ይገባል። ይቀመጣል። ከዚያ ኪሱን ማራገፍ ይጀምራል። እስክሪብቶ ያወጣል፣ ሌላ ያወጣል፣ አሁንም ሌላ ያወጣል። ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ይደረድራቸዋል። አሻንጉሊት ፖሊስ ያቆማል። አጠገቡ የተቀመጠው ተፈታኝ እንግዳ ነገር እንዳየ ሰው ያየዋል። ሁለቱ ምን እንዳጠኑ ያወራሉ። ያኛው ካልኩለስ ላይ እንዳተኮረ ይናገራል። ቢን ትሪጎኖሜትሪ ነው ያጠናው። ፈተናው ይጀመራል። ፖስታውን ይከፍታል። ካልኩለስ!

ፊቱን ልብ ብለው ይዩት። አይጮህም። ወዲያው ፊቱን አያጣምም። መጀመሪያ ያነበበውን አያምንም። ከዚያ ቀስ እያለ ይገባዋል። ከዚያ ሥራ ይጀምራል፤ ኩረጃ ማለቴ ነው። አንገቱን ይሰግጋል። ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል። ያኛው ያባርረዋል። ቢን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዘዴ ከፊተኛው ትንሽ የባሰ ነው። ደራሲዎቹ አይቸኩሉም። እኛ ተመልካቾቹ መጀመሪያ እንስቅበታለን። ትንሽ ቆይቶ ግን ከእሱ ጋር መኮረጅ እንጀምራለን። ተቆጣጣሪው ዞር ሲል የእኛም ልብ ትመታለች።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል ተቆጣጣሪው ይናገራል። ካልኩለስ የሠራችሁ ወረቀታችሁን እዚህ፣ ትሪጎኖሜትሪ የሠራችሁ እዚያ ይላል። ቢን ፖስታውን ያያል። ያጠናው ፈተና እዚያው ውስጥ ነበር። ሁለቱም ወረቀቶች ከመጀመሪያው አንድ ፖስታ ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ደሴ ወይዘሮ ስህን ወይም ሆጤ ትምህርት ቤት ተምሮ ማትሪክ የተቀመጠ ሰው ይሄን ሲያይ ሆዱ ይገለባበጣል። ቀልዱ ግን በፍርሃታችን ብቻ አይደለም የቆመው። ፖስታው ከመጀመሪያው እዚያው ዓይናችን ሥር ነበር። ቢን ሲከፍተው አብረን አይተናል። ውስጡን ይመልከት ያልነው ግን ማንም የለም። ያሞኘን ደራሲው ነው፤ ያሞኘን ግን ምንም ሳይደብቅ ነው። ጥሩ ድርሰት ማለት ይሄ ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው መጨረሻውን ስንሰማ «ውይ፣ ቅድም እኮ አይቼው ነበር» ማለት አለብን ነው።

ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? ቢን ራሱ። የተሰናከለው በራሱ ጥድፊያ ነው። ለዚህ ነው ይህ ትዕይንት ሠላሳ ዓመት አልፎትም የማይሻግተው።

ሌላው እንደዚያው የሆነው የመናፈሻው ሳንድዊች ነው። ቢን አግዳሚ ላይ ከአንድ ሰው ጎን ይቀመጣል። ሰውየው የተዘጋጀ ሳንድዊቹን እየበላ ነው። ቢን ግን ሳንድዊቹን እዚያው ሊሠራ ነው የመጣው። ዳቦውን በመቀስ ይቆርጣል። ቅቤውን በባንክ ካርድ ይቀባል። የታጠበ ሰላጣውን ካልሲ ውስጥ ከቶ እያሽከረከረ ያደርቃል። ቁንዶ በርበሬውን መሐረብ ውስጥ ጠቅልሎ በጫማ ይወቅጣል። ሻዩን በላስቲክ የሙቅ ውኃ ከረጢት ውስጥ ያፈላል። እህቴ፣ አሁን ተመልሰው ሲያዩት እጆቹን ብቻ ይመልከቱ። እንደ ቀልደኛ አይደለም የሚሠራው። ሙያዋን እንደምታከብር ባልቴት ነው። አንዱንም አያበላሽም። ሞኝነቱ ያለው በዕቃው ምርጫ ነው። በሥራው ጥራት ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም። የሀገራችን አጭር ኮሜዲ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ከቢን የወሰዱት ፊት ማጣመሙንና መውደቁን ነው። ችግሩን አልወሰዱም። ቢን ፊቱን የሚያጣምመው ሥራ ስለበዛበት ነው። የእኛዎቹ ፊታቸውን የሚያጣምሙት ሥራ ስላጡ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ሀገር አንድ ቀልድ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቢን ለልደቱ ብቻውን ምግብ ቤት ይገባል። ለራሱ የልደት ካርድ ይጽፋል። ከዚያ ካርዱን ሲከፍት እንደተገረመ ሰው ይሆናል። ይሄ ራሱ አንድ ትልቅ ትዕይንት ነው። ኋላ ያዘዘው ምግብ ይመጣል። የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ነው። ቢን ይደነግጣል። መብላት አልቻለም፣ ነውር እንዳይሆንበት ደግሞ መተው አልቻለም። ሥጋውን መደበቅ ይጀምራል። ዳቦ ውስጥ ይወትፈዋል። ስኳር ዕቃ ውስጥ ይከተዋል። የሌላ ሴት ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር። እንግሊዝ እዚህ ላይ የሚስቀው ሥጋው ስለሚያስጠላው ነው። ወሎዬ ግን ጥያቄ አለው። «ምን ነካው? ክትፎ እኮ ነው!» ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው አንዱ «ሚጥሚጣ ቢያመጡለት ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር» ብሎ ክፍሉን አፍርሶታል። ቀልዱ አልሞተም። መግቢያ በሩን ነው የቀየረው። እነሱ ከቢን ጋር ይዘገንናቸዋል፤ እኛ በቢን እንስቃለን።

መጨረሻው ግን ለጥያቄዎ ይጠቅማል። ቢን አስተናጋጁን ጠልፎ ይጥለዋል። ከዚያ ሥጋው በየቦታው የተበተነው በአስተናጋጁ ጥፋት ነው ብሎ ያስመስላል። ይሄ በደል ነው። ኃላፊው ግን ቢንን ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለካሳ ምን ያመጣለታል? ሌላ ሰሃን ጥሬ ሥጋ። በደሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ እንስቃለን፣ አንቀየምም።

አሁን ወደሚያስከፋዎት እንምጣ።

የገናው ክፍል በፈረንጆች 1992 የወጣ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰዓቱን ሲፈልግ ቱርክ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ጭንቅላቱ ላይ የተሰካበትን ነው። የሱቁ ትዕይንትም ደስ ይላል። የክርስቶስን ልደት ታሪክ በአሻንጉሊት ይጫወታል። ዳይኖሰር ይመጣል፣ ወታደር ይመጣል፣ ሁሉም ከበረቱ ዙሪያ ይተራመሳል። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው።

ግን እዚያው ክፍል ላይ የሴት ጓደኛው ኢርማ ጎብ አለች። የምትጫወተው ማቲልዳ ዚግለር ናት። ኢርማ የጌጣጌጥ ቤት መስኮት ላይ ቀለበት ታሳየዋለች። እዚያው መስኮት ላይ ጥንዶች ቀለበት ይዘው የሚታዩበት የማስታወቂያ ሥዕል አለ። ቢን ያየችው ሥዕሉን መሰለው። ለገና ሥዕሉን ያመጣላታል። ፊቷ ይጠፋል። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይሰጣታል። ፊቷ ይበራል። ትከፍታለች። ውስጡ ሥዕል መስቀያ ሜንጦ ነው። እያለቀሰች ትወጣለች።

ድርሰቱ እንደ ድርሰት የተዋጣለት ነው። ልክ እንደ ፈተናው ሁሉም ነገር ዓይናችን ፊት ነው። ተስፋው ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ሁለት ጊዜ ይነጠቃል። ግን ሂሳቡን የከፈለችው ኢርማ ናት። ምንም አላጠፋችም። ልጅ ሆነው ያኔ ሲያዩት ዓይንዎ ቢን ላይ ነበር። ሜንጦውን አይተው ሳቁ። አሁን ዓይንዎ ኢርማ ላይ ነው። ይሄ ስሜታዊ መሆን አይደለም፤ ትዕይንቱን ሙሉውን ማየት ነው።

ምናልባት «ታዲያ ሰማያዊዋ መኪናስ?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለ ሦስት ጎማዋን ያስታውሷታል። ቢን ሚኒ በምትባለው ትንሽ መኪናው እየገፋ ሲያሻው ይገለብጣታል፣ ሲያሻው ከመንገድ ያስወጣታል። የባለቤቷ በደል ከኢርማ አያንስም። ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው እንዲያውም ሊቀየም ይገባው ነበር። ግን እሱም ይስቃል። ለምን? የሹፌሩ ፊት አይታይም። በተከታታዩ ሙሉ አናየውም። ፊት የሌለው ሰው ሂሳብ አያስጨንቀንም። ኢርማ ላይ ግን ካሜራው ይጠጋል። ዓይኗ ውኃ ሲሞላ ያሳየናል። ካሜራ ወደ አንድ ሰው ፊት በተጠጋ ቁጥር ያ ሰው ዕቃ መሆኑ ይቀራል። ደራሲና ዳይሬክተር ይህን ሳያስቡ ሲቀሩ ቀልዱ ይጎመዝዛል።

የሆስፒታሉን ትዕይንትም እዚሁ እመድበዋለሁ። ቢን እጁ የሻይ ጀበና ውስጥ ተቀርቅሮበት ይሄዳል። ወረፋ አለ። ከእሱ የባሰች ሴት ታካሚ የያዘችውን የወረፋ ቁጥር በራሱ ቁጥር ይቀይራል። እንግሊዝ ወረፋ የሚያከብር ሕዝብ ነው ይባላል፤ ለእነሱ ቀልዱ የተከበረውን መድፈሩ ነው። እኛ ዘንድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ካርድ ክፍል ፊት የቆመ ሰው ይሄን ሲያይ የሚያስበው ባለፈው ሳምንት የቀደመውን ሰው ነው። አልስቅም ቢል አይፈረድበትም።

ሌሎቹን ድክመቶች ፈጠን ብዬ ልለፍ። ከቢን በቀር ሰው የለም። አስተናጋጅ፣ ጎረቤት፣ ነርስ፣ ሁሉም የቆሙት ሊደነግጡ ነው። ሴቶቹማ ከኢርማ ውጭ ስም እንኳ ያላቸው ስንት ናቸው? አጨራረስም ላይ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ነው። ፈተናውና ምግብ ቤቱ በደንብ ተዘግተዋል። ሌሎቹ ግን ሐሳቡ ሲያልቅ ዝም ብለው ይቋረጣሉ። የአሻንጉሊት ድቡ ቴዲም አንዳንድ ጊዜ የሐሳብ እጥረት መሸፈኛ ይሆናል። በእርግጥ የቤት ቀለም ሊቀባ ብሎ ቴዲን እንደ ብሩሽ የተጠቀመበት ጊዜ አለ፤ ያንን ምሬዋለሁ።

ሳቁስ? ከጀርባ የሚሰማው የተመልካች ሳቅ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉ ከማሽን የወጣ አይደለም። ውጭ የተቀረጹትንም ትዕይንቶች ስቱዲዮ ለተሰበሰበ ሰው አሳይተው ሳቁን ቀድተውታል። እውነተኛ ሳቅ ነው። ግን ይመራል። የት እንደሚሳቅ ይነግርዎታል። እስቲ አንድ ክፍል ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ይዩ። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የማደርገው ነው። ጠንካራው ትዕይንት ያለ ድምፅም ያስቃል። ደካማው ወዲያው ይጋለጣል። ፈተናው ያልፋል፣ ሳንድዊቹ ያልፋል። ባሕር ዳርቻ ልብሱን ሳይታይ ሊቀይር የሚታገልበትም ያልፋል። ይሄ ሁሉ ድካም አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ለመደበቅ ነው፤ ሰውየው ለካ ዓይነ ስውር ነው። እዚህም የከፈለው ቢን ነው።

ስለ ባለቤትዎ። «የቂል ጨዋታ» ያሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ በቃል የምንስቅ ሰዎች ነን። ያደግነው በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ላይ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰን፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን እየጠበቅን ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሰው ይቆማል፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ቀልዱ ያለው በመልሱ ውስጥ ነው። ወሎማ ይብሳል። ቡናው ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታ አዋቂ ካልተገኘ ቡናውም አይጥምም። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ቢን ፊት የተቀመጠ ሰው ባዶ ነገር ያየ ይመስለዋል። ቃል የለማ!

ግን ቢን ቂል አይደለም። ቂል ሰው ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሲረፍድበት ይዘነጋዋል። ቢን መኪናውን እየነዳ ይለብሳል፣ ጥርሱን እየነዳ ይቦርሻል። ሥራው ሁሉ የተሳሳተ ነው፣ አስተሳሰቡ ግን አንድም ቦታ አይጎድልም። ባለቤትዎን ስለ ቢን አይከራከሯቸው። የፈተናውን ትዕይንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቋረጥ፣ አብረው ይዩ። ከዚያ በኋላ ቂል ነው ካሉ መብታቸው ነው።

«ሳይቋረጥ» ያልኩት በምክንያት ነው። እርስዎ ያዩት በስልክ ነው ብለዋል። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ቢን የተቆራረጠ ቢን ነው። ቱርኩ ጭንቅላቱ ላይ ተሰክቶ ነው የሚጀምረው። እንዴት እንደተሰካ የለም። ዝግጅቱ ሲወጣ ቢን እውነትም ፊት የሚያጣምም ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ክፋቱም የሚጎላው ለዚሁ ነው። የአስተናጋጁን መውደቅ ቆርጦ ያሳይዎታል። ሁለተኛው የሥጋ ሰሃን ሲመጣ ግን ቪዲዮው አልቋል። በደሉን አይተው ቅጣቱን ሳያዩ ቀሩ ማለት ነው።

ልጆቹ ደግሞ የሚያዩት ካርቱኑን ሊሆን ይችላል፤ ያረጋግጡ። ካርቱኑ የተጀመረው በፈረንጆች 2002 ነው። አከራይዋ ሴትዮና አንድ ዓይና ድመቷ ያሉበት ነው። ለሕፃን ምንም አይልም፤ ለስለስ ያለ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ጎድሎበታል። ካርቱን ላይ ሰውነት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ከፎቅ ወድቆ ይነሳል። ምንም ነገር የሚቻል ከሆነ ምንም ነገር አይከብድም። ዋናው ቢን መዋኛ ገንዳ ላይ ከፍ ካለው መዝለያ ጫፍ ደርሶ የሚንቀጠቀጠው ሥጋና አጥንት ስላለው ነው። ከኋላው ልጆች ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው። ወደኋላም መመለስ አይቻል። ካርቱን ይሄን ፍርሃት ሊሠራው አይችልም።

ትዝታው ላይ ልመለስ። ባለ ትዝታ ቅኝት ሀገር ሰዎች ነንና ትዝታ ምን እንደሚያደርግ አናጣውም፤ መራራውንም አጣፍጦ ያስዘፍናል። ልጅነትዎ ጨምሮበታል፣ ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ አይደለም። የተለወጠው ቢን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚስቀው ሰው ነው። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴክ ፊት፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነው ያያችሁት። አንዱ ሲስቅ ሌላው ይስቃል፣ ያልገባውም ይስቃል። አሁን አራት ጣት በምታህል ስልክ፣ ሁለት ልጅ ግራና ቀኝ አስቀምጠው ነው። ኮሜዲ የሠርግ ነገር ነው፤ ሰው ካልበዛ አይሞቅም። ቤትዎ ቴሌቪዥን ካለ ስልኩን ያገናኙት ወይም በፍላሽ ገልብጠው ያምጡት። የጎረቤት ልጆችን ይጥሩ። ግማሹ የጠፋው ሳቅ እዚያው ተመልሶ ያገኙታል።

እናትዎ በሕይወት ካሉ እሳቸውንም ያስቀምጡ። ትዝታ የሌለው ተመልካች ጥሩ ፈራጅ ነው። ቢንን ከዚህ በፊት ያላዩ እናትም፣ የአምስት ዓመት ልጅም ያለ እርስዎ ቅስቀሳ የሚስቁበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ የሚያስቀው ሥራው ነው፤ የእርስዎ ልጅነት አይደለም። እርስዎ ብቻ የሚስቁበትን ደግሞ ለራስዎ ያቆዩት። እሱም አይጎዳም።

ለልጆች ይሆናል ወይ ላሉት፣ ይሆናል። ብልግና የለበትም ማለት ይቻላል፣ ስድብም የለም። እኔን የሚያሳስበኝ መኮረጃው ነው። ቀለም ጣሳ ውስጥ ርችት ከቶ ክፍሉን በፍንዳታ የሚቀባበት አለ። የመኪና ጣሪያ ላይ ሶፋ አስሮ፣ እዚያ ላይ ተቀምጦ በገመድና በዘንግ የሚነዳበትም እዚያው ክፍል ላይ ነው። ሁለቱም ያስቃሉ። ግን ወንዶች ልጆች ካሉዎት አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ርችቱን ተከትሎ ክብሪት ያለበትን ቦታ ያጣራሉ።

ቅደም ተከተሉን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምሩ፤ ፈተናው፣ ባሕር ዳርቻውና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም እዚያ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ቢን እንቅልፍ ጥሎት ከመቀመጫው እየተንሸራተተ ወለል ላይ ይደርሳል። ረጅም ቅዳሴ ላይ ያንጎላጀ ልጅም፣ ጁምዓ ኹጥባ ላይ ዓይኑ የከበደው ልጅም ራሱን ያገኝበታል። ቀጥሎ ምግብ ቤቱን፣ ከዚያ መናፈሻውንና መዋኛውን ያሳዩዋቸው። ሆስፒታሉን ቢዘሉትም የሚቀርባቸው ነገር የለም። የገናውን ልጆቹ ትንሽ ከፍ እስኪሉ ያቆዩት። ቱርኩን ለብቻው ማሳየት ይቻላል። ሜንጦው ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ልጅ «ለምን አለቀሰች?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ቪዲዮውን አቁመው ያዋሩት፣ ቢን ይጠብቃል።